«ሪከርድ አለብኝ፤ ፎርሙ ላይ ምን ልጻፍ?»

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የደረሰን ደብዳቤ በአጭሩ እንዲህ ይላል።

«የ36 ዓመት ሰው ነኝ፤ ግሪን ካርድ አለኝ። በ2018 በምሠራበት ሱቅ ገንዘብ ተቀባይ ሳለሁ ለማውቃቸው ልጆች ዕቃ ሂሳብ ሳልመታ አሳለፍኩ፤ በካሜራ ታይቶ ፖሊስ ተጠራብኝ። ከ1,500 ዶላር በታች በሆነ ስርቆት ተከስሼ፣ መንግሥት ያቆመልኝ ጠበቃ እንደመከረኝ ጥፋተኛ ነኝ አልኩ። ዳኛዋ ‹ፒቢጄ› ሰጡኝ፤ የአንድ ዓመቱን ፕሮቤሽን ጨርሻለሁ፣ ገንዘቡንም መልሻለሁ። ከዚያ ወዲህ አንድ ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ገንዘብ እቀበላለሁ። ባለፈው ዓመት አንድ መጋዘን ሊቀጥረኝ ከተስማማ በኋላ ባክግራውንድ ቼኩ ሲመጣ ሥራው ቀረ። በፖስታ በላኩልኝ ወረቀት ላይ ቨርጂኒያ ውስጥ በአደገኛ ዕፅ ተፈርዶብሃል ይላል፤ እኔ ግን ቨርጂኒያ ፍርድ ቤት ቆሜ አላውቅም። አፍሬ ዝም አልኩ። አሁን ሮክቪል የሚገኝ አንድ ሆቴል ለሌሊት የእንግዳ መቀበያ ሥራ ቃለ መጠይቅ አድርጎልኝ፣ ማጣሪያውን ካለፍኩ እንደምጀምር በኢሜይል ገልጾልኛል። ገሚሱ ጓደኛዬ ‹የለም ብለህ ሙላ፣ ማን ያየዋል› ይለኛል፤ ሌላው ‹አርፈህ ጋራዥህ ቁጭ በል› ይለኛል። ምን ይሻለኛል?»

ውድ ወንድማችን፣

ጓደኞችዎ በቀና ልብ እንደመከሩዎት አንጠራጠርም፤ ነገር ግን ሁለቱም ሳያዩት የመከሩበት አንድ ወረቀት አለ። እሱም የእርስዎ የፍርድ ቤት መዝገብ ነው። እርስዎም ቢሆኑ ከ2018 ወዲህ አንሥተው ያነበቡት አይመስለንም፤ ምክንያቱም በደብዳቤዎ ውስጥ ክሱን፣ ኑዛዜውንና ፕሮቤሽኑን በዝርዝር ጽፈው፣ ዋናውን ነገር፣ ማለትም ፒቢጄ ምን ማለት እንደሆነ፣ ሳይገልጹ አልፈውታል። ፎርሙ ላይ የሚጻፈው መልስ የሚወሰነው ደግሞ በእሱ ነው።

ፒቢጄ፣ በሜሪላንድ ሕግ ከፍርድ በፊት የሚሰጥ ፕሮቤሽን፣ ማለት ዳኛው ጥፋተኝነቱን ከተቀበለ በኋላ የጥፋተኝነት ፍርዱን አንሥቶ ተከሳሹን በአመክሮ የሚያቆይበት አሠራር ነው። ተከሳሹ የፕሮቤሽን ጊዜውን በሰላም ከጨረሰ፣ በሜሪላንድ ሕግ ዓይን ተፈርዶበታል አይባልም። ስለዚህ የሆቴሉ ፎርም «በወንጀል ተፈርዶብዎት ያውቃል?» ብቻ ብሎ የሚጠይቅ ከሆነ «የለም» ብለው መመለስዎ ውሸት አይደለም፤ እውነተኛው መልስ ነው። ሆኖም ይህን ካነበቡ በኋላ ፎርሙን ከፍተው በችኮላ ምልክት እንዳያደርጉ አደራ እንላለን። ሁሉም ፎርም አንድ ዓይነት ጥያቄ አይጠይቅም። አንዱ «ተፈርዶብዎት ያውቃል?» ሲል፣ ሌላው «ጥፋተኛ ነኝ ብለው ያውቃሉ?» ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ «ማንኛውንም ዓይነት ፕሮቤሽን ጨምሮ» የሚል ሐረግ በደቃቅ ፊደል ያስገባል። ለመጀመሪያው «የለም» የሆነው መልስ ለሁለተኛውና ለሦስተኛው «አዎ» ይሆናል። ጥያቄውን ሁለት ሦስት ጊዜ ያንብቡ፤ እንግሊዝኛው ከከበደዎት ሕግ የሚያውቅ ሰው አጠገብዎ ቁጭ ብሎ ያንብብልዎ፤ የተጠየቁትን ያህል ብቻ፣ ነገር ግን የተጠየቁትን በሙሉ ይመልሱ።

«የለም በል፣ ማን ያየዋል» የሚለው ምክር የሚያስፈራን በሥነ ምግባሩ ብቻ አይደለም። በአብዛኞቹ የሥራ ማመልከቻዎች መጨረሻ፣ ከፊርማው መስመር ከፍ ብሎ፣ «ከላይ የሰጠሁት መልስ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ በማንኛውም ጊዜ ከሥራ ልሰናበት እችላለሁ» የሚል አንቀጽ አለ። አሠሪው የዛሬ ስምንት ዓመቱን ጥፋት በይቅርታ ሊያልፈው ይችል የነበረ ቢሆንም፣ የዛሬውን የፊርማ ውሸት የሚያልፍበት ምክንያት አይኖረውም፤ ይህም ከሦስት ዓመት አገልግሎት በኋላ እንኳ ሊመዘዝ ይችላል። ማን ያየዋል ለሚለው ጥያቄም መልሱ ቀላል ነው፤ የሜሪላንድ ፍርድ ቤቶች መዝገብ በኢንተርኔት ላይ በነጻ የሚታይ ስለሆነ ስምዎን የሚጽፍ ሁሉ ያየዋል። ይህንኑ ዛሬ ማታ እርስዎ ራስዎ ኬዝ ሰርች በሚባለው የፍርድ ቤቶቹ ገጽ ላይ ስምዎን ጽፈው እንዲያዩት እንመክራለን። አሠሪ ከማየቱ በፊት ባለቤቱ ማየት አለበት።

እዚህ ላይ ከአገር ቤት ልማድ የመጣ አንድ ግምት ብዙ ወገኖቻችንን ሲያሳስት እናያለን። ኢትዮጵያ ውስጥ ሰው ከወንጀል ነጻ መሆኑን ለማስመስከር ፖሊስ ዘንድ ሄዶ አሻራውን ይሰጣል፤ ማኅተም ያለበት አንድ ወረቀት ይዞ ይመለሳል፤ ነገሩም በዚያው ያልቃል። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ ሁሉንም የሚዘጋ አንድ ወረቀት የለም። ሆቴሉ የሚቀጥረው የግል አጣሪ ድርጅት መረጃውን ከየፍርድ ቤቱ በስምና በትውልድ ቀን እያሰሰ ይለቅመዋል። አውሮፕላን ማረፊያ ወይም የጤና ተቋም ሲሆን ደግሞ አሻራ ተነሥቶ በኤፍቢአይ መዝገብ ይታያል። ሁለቱ መንገዶች የሚሳሳቱበት ቦታ የተለያየ ነው። የኤፍቢአይ መዝገብ ሰውን ከሰው እምብዛም አያምታታም፤ ነገር ግን የተያዙበትን ቀን ጽፎ ነገሩ በምን እንደተቋጨ ሳይጽፍ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። በስም የሚደረገው ፍለጋ ደግሞ የእኛን ስም አያውቅበትም።

መጋዘኑ ላይ የደረሰብዎትም ይኸው ነው ብለን እናምናለን። የእኛ ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ነው እንጂ የቤተሰብ ስም የለውም። አንዱ ፎርም ላይ የአባት ስም መጨረሻ ላይ ይገባል፤ ሌላው ላይ የአያት ስም ይገባል፤ የአባት ስም በመካከል አንድ ፊደል ብቻ ሆኖ የሚቀርበትም አለ። በዚህ ላይ የልደት ቀናቸው በወረቀት ያልተመዘገበ ብዙ ስደተኞች ጃንዋሪ 1 ተብለው ተጽፈዋል። በዋሽንግተን ዙሪያ የእርስዎን ስምና የአባትዎን ስም የያዘ፣ በዚያው ዓመት ጃንዋሪ 1 ተወለደ የተባለ ሌላ ሰው መኖሩ የሚያስደንቅ አይደለም። ስለዚህ በየማመልከቻው ላይ ስምዎን ልክ በሶሻል ሴኩሪቲ ካርድዎ ላይ እንዳለው፣ ከነአያትዎ ስም፣ በአንድ ዓይነት አጻጻፍ ይጻፉ።

አሁን ወደ ቀረው ሥራ እንመለስ፤ ምክንያቱም በእኛ እምነት የሆቴሉን ማጣሪያ ሊያሰናክልብዎ የሚችለው ከእርስዎ የ2018 ጉዳይ ይልቅ ይህ የሌላ ሰው ወንጀል ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ፣ በ1970 የወጣው የፌር ክሬዲት ሪፖርቲንግ አክት፣ አሠሪ የግል አጣሪ ድርጅት ሲጠቀም መከተል ያለበትን ሥርዓት ደንግጓል። አስቀድሞ ማጣሪያ እንደሚደረግ ለብቻው በተዘጋጀ ወረቀት ማሳወቅና የእርስዎን የጽሑፍ ፈቃድ መቀበል አለበት። ሪፖርቱን አይቶ ላለመቅጠር ካሰበም፣ ውሳኔውን ከማጽናቱ በፊት የሪፖርቱን ቅጂና የመብትዎን መግለጫ ሊልክልዎ ይገባል። ያ በፖስታ መጥቶ ያፈሩበት ወረቀት ሕጉ የላከልዎ የመከላከያ ዕድል ነበር። ማፈርዎን ግን አንወቅሰውም፤ ሰው ያልሠራውን ወንጀል በስሙ ተጽፎ ሲያነብ አንደበቱ ይታሰራል።

ወረቀቱን ጥለውት ካልሆነ ያውጡት። አናቱ ላይ ሪፖርቱን ያዘጋጀው ድርጅት ስምና አድራሻ፣ ከውስጥ ደግሞ የቨርጂኒያው ክስ የመዝገብ ቁጥር መኖር አለበት። በዚያ ቁጥር የቨርጂኒያ ፍርድ ቤቶችን የኢንተርኔት መዝገብ ቢፈልጉ፣ የተከሳሹ የአያት ስም ወይም አድራሻ ከእርስዎ የተለየ ሆኖ ሊያገኙት ይችላሉ። ከዚያም ለአጣሪው ድርጅት ደብዳቤ ይጻፉ፤ ይህ ሰው እኔ አይደለሁም፣ ልዩነታችን ይህ ነው፣ ከመዝገቤ ይውጣ ብለው የመታወቂያዎን ቅጂ ያያይዙ፤ መድረሱ በፊርማ በሚረጋገጥበት ፖስታ ይላኩት፤ የላኩትንም ቅጂ ያስቀሩ። ድርጅቱ በመደበኛው 30 ቀን ውስጥ መርምሮ ስሕተቱን የማረም ግዴታ አለበት። ሆቴሉ የሚጠቀመው ይህንኑ ድርጅት ሊሆን ስለሚችል ነገ ዛሬ አይበሉ። ስሕተቱ ላደረሰብዎ ጉዳት ለመክሰስም ካሰቡ፣ ጊዜው በመሠረቱ ስሕተቱን ካወቁበት ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ነው። ሕጉ የረታ ከሳሽ የጠበቃ ወጪው በተረታው ወገን እንዲከፈል ስለሚፈቅድ፣ ያለ ቅድሚያ ክፍያ የሚይዙልዎ ጠበቆች ይገኛሉ።

የሆቴሉ ማጣሪያ ይህን ስሕተት ደግሞ ቢያመጣውስ? የተላከልዎን ቅጂ ባዩበት ቀን ለሆቴሉ ሠራተኛ አስተዳደር በኢሜይል ይጻፉ፤ ስልክ ብቻ አይበቃም። በሪፖርቱ ላይ ያለው ሰው እርስዎ እንዳልሆኑ፣ ለአጣሪው ድርጅት ተቃውሞ ማቅረብዎንና ማስረጃውን በእጅዎ እንደያዙ ገልጸው፣ ምርመራው እስኪያልቅ ቦታውን እንዲያቆዩልዎ ይጠይቁ። እንዲጠብቁዎ አይገደዱ ይሆናል፤ ነገር ግን ሰው በጊዜና በጨዋነት ሲጽፍላቸው የሚጠብቁ አሠሪዎች አሉ።

ወደ እውነተኛው የእርስዎ ጉዳይ ስንመጣ፣ ሮክቪል በሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ መሆኗ ለእርስዎ መልካም ነው። የካውንቲው ሕግ በ2021 ከተሻሻለ ወዲህ አሠሪ ቅድመ ሁኔታ ያለበት የቅጥር ደብዳቤ ከመስጠቱ በፊት ስለ ወንጀል ታሪክ እንዳይጠይቅ ይከለክላል፤ ወደ ጥፋተኝነት ፍርድ ስላልደረሰ እስር ደግሞ ከደብዳቤው በኋላም ቢሆን መጠየቅ አይፈቀድም። ሕጻናትንና ረዳት የሚሹ አዋቂዎችን እንደሚያገለግሉ ያሉ ተቋማት ግን ከዚህ ሕግ ውጭ ናቸው። በመላው ሜሪላንድ ከ2020 ወዲህ የሚሠራው ሕግ ጠበብ ያለ ነው፤ 15ና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ ከመጀመሪያው የአካል ቃለ መጠይቅ በፊት እንዳይጠይቅ ነው የሚከለክለው። ዲሲ ቢያመለክቱ የ2014ቱ ሕግ ከ10 በላይ ሠራተኛ ያለውን አሠሪ እስከ ቅጥር ደብዳቤው ድረስ ያግደዋል፤ ቨርጂኒያ ግን የግል አሠሪዎችን በአጠቃላይ የሚይዝ እንዲህ ያለ ሕግ የለም። ስለዚህ አንድ ጓደኛዎ «እኔ ስቀጠር ገና በማመልከቻው ጠየቁኝ» ቢልዎት፣ መጀመሪያ የትኛው ክፍለ ግዛት እንደተቀጠረ ይጠይቁት።

ሆቴሉ ሪፖርቱን ተቀብሎ ስለ 2018ቱ ጉዳይ ቢያነሣብዎት፣ እንግዳ መቀበያ ላይ ገንዘብ ስለሚያዝ የስርቆት ክስ ማየቱ ሊያሳስበው እንደሚችል መካድ አይገባም። የፌዴራሉ የእኩል ሥራ ዕድል ኮሚሽን በ2012 ባወጣው መመሪያ አሠሪዎች ሦስት ነገሮችን እንዲመዝኑ ይመክራል፤ የጥፋቱን ዓይነትና ክብደት፣ ያለፈውን ጊዜ፣ የሚቀጠሩበትን ሥራ ጠባይ። ሦስተኛው በእርስዎ ላይ ይከብዳል፤ ሁለቱ ግን ለእርስዎ ይመሰክራሉ። ከሁሉም በላይ የሚመሰክርልዎት በደብዳቤዎ ውስጥ በአንድ መስመር ብቻ ያለፉት ነገር ነው። ከዚያ ጥፋት ወዲህ በጋራዡ ውስጥ ለዓመታት የሰው ገንዘብ ሲቀበሉ ኖረዋል! በየፈረቃው መጨረሻ ሂሳብ ዘግተው አስረክበዋል። ጓደኛዎ «አርፈህ ቁጭ በል» ያለበት ጋራዥ ከማንኛውም ጠበቃ የተሻለ መከራከሪያ ሰጥቶዎታል። የጋራዡ ኃላፊ ስንት ዓመት እንደሠሩ፣ ገንዘብ እንደሚያዝዎትና ሂሳብዎ ጎድሎ እንደማያውቅ የሚገልጽ፣ ቀንና ስልክ ያለበት ደብዳቤ እንዲጽፉልዎ ይጠይቁ። ኃላፊው የ2018ቱን ነገር የማያውቁ ከሆነ ለእሳቸው መንገር የለብዎትም፤ ደብዳቤውን ለአዲስ ሥራ እንደፈለጉት መናገር ይበቃል።

ሲጠየቁ የሚሰጡት ማብራሪያ አጭር ይሁን። እኛ ሐበሾች እንዲህ ባለ ጊዜ ወይ እንክዳለን፣ ወይ ደግሞ ከልጅነታችን ጀምረን ታሪካችንን ዘርግፈን አድማጩን እናደክማለን። እንዲህ ቢሉ ይበቃል፦ «በ2018 በምሠራበት ሱቅ ለማውቃቸው ሰዎች ሂሳብ ሳልመታ ዕቃ አሳልፌያለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነበር። ፍርድ ቤቱ ከፍርድ በፊት የሚሰጥ ፕሮቤሽን ሰጠኝ፣ ጨረስኩት፣ ገንዘቡንም መልሻለሁ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ አሁን ባለሁበት ቦታ ገንዘብ ስቀበል ቆይቻለሁ፤ የኃላፊዬ ደብዳቤ ይኸውና።» ከዚህ በኋላ ዝም ይበሉ። ልጆቹ አታልለውኝ ነው፣ ካሜራው ነው፣ ጠበቃው ነው የሚል ነገር አይጨምሩ። ይህንን በእንግሊዝኛ ደጋግመው ይለማመዱት፤ ቃለ መጠይቅ ላይ አንደበት የሚተሳሰረው ሰው ቋንቋ አጥሮት ብቻ ሳይሆን ያንን ዓረፍተ ነገር በአፉ ብሎት ስለማያውቅም ነው። ሆቴሉ አሁንም የሚያመነታ ቢሆን፣ ከ1966 ጀምሮ የአሜሪካ የሥራ ሚኒስቴር የሚያካሂደው የፌዴራል ቦንዲንግ ፕሮግራም እንዲህ ያለ ሠራተኛ የሚቀጥር አሠሪን ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ከስርቆት ጉዳት የሚሸፍን የ5,000 ዶላር ዋስትና በነጻ ይሰጣል። አገር ቤት ገንዘብ ያዥ ሲቀጠር የሚጠየቀው ዋስ ዓይነት ነው ብለው ያስቡት፤ ልዩነቱ ዋሱ መንግሥት መሆኑ ነው። ብዙ አሠሪዎች ይህ ፕሮግራም መኖሩን ስለማያውቁ እርስዎ ይንገሯቸው፤ በአካባቢዎ ያለው አሜሪካን ጆብ ሴንተር የሚባለው የሥራ ፈላጊዎች ማእከል ያስተባብርልዎታል።

አንዳንድ አንባቢዎች በዋሽንግተን ዙሪያ ስላሉት የደለስና የሬገን አውሮፕላን ማረፊያዎች ይጠይቁናልና በዚሁ እንመልስ። ለመግቢያ ባጅ የሚከለክሉ ወንጀሎች በፌዴራል ደንብ ተዘርዝረዋል፤ የሚታየውም ያለፉት 10 ዓመታት ነው። ስርቆት በዝርዝሩ ውስጥ የገባው ከባድ ወንጀል ተብሎ ሲመደብ ነው እንጂ እንደ እርስዎ ያለው ቀላል ወንጀል በዝርዝሩ የለም። ቢሆንም ማጣሪያው በአሻራ ስለሆነ፣ የጉዳዩን መጨረሻ የሚያሳይ ማኅተም ያለበት የፍርድ ቤት ወረቀት ይዞ መሄድ ብዙ ምልልስ ያድናል።

ቀጥሎ መዝገቡን ስለማስፋቅ እንነጋገር። ፒቢጄ የተሰጠበት ክስ፣ ፕሮቤሽኑ ካለቀ ሦስት ዓመት ካለፈ፣ በነዚያ ዓመታት ሌላ ጥፋተኝነት ካልተጨመረና በሂደት ላይ ያለ ክስ ከሌለ፣ በሜሪላንድ እንዲፋቅ ማመልከት ይቻላል። የእርስዎ ጊዜ ከሞላ ቆይቷል። ማመልከቻው የሚገባው ጉዳዩ ባለቀበት ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ነው፤ ዐቃቤ ሕግ ለመቃወም 30 ቀን ይሰጠዋል፤ ካልተቃወመ ዳኛው ትእዛዝ ይሰጣል። ሜሪላንድ ሊጋል ኤይድ ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነባቸው ሰዎች ይህን ያለ ክፍያ ይሠራል። መዝገቡ ከተፋቀ በኋላ የሜሪላንድ አሠሪ ስለ ተፋቀው ክስ እንዲናገሩ ሊያስገድድዎ አይችልም። የግል አጣሪዎች ግን አሮጌውን መረጃ በጎተራቸው ይዘውት ሊቆዩ ስለሚችሉ የትእዛዙን ቅጂ እንደ ወርቅ ይያዙት።

ሆኖም ማመልከቻውን ከማስገባትዎ በፊት አንድ ነገር ይቅደም። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ፒቢጄን እንደ ሜሪላንድ ሕግ አያየውም። ጥፋተኛ ነኝ ብለው ዳኛዋ ፕሮቤሽን ከሰጡዎት፣ ለኢሚግሬሽን ጉዳይ ተፈርዶብዎታል፤ መዝገቡ ቢፋቅም ያው ነው። የዜግነት ማመልከቻው ስለ እስርና ስለ ክስ ሲጠይቅ የተፋቀውንም ጨምሮ ነው፤ እዚያ ላይ «የለም» ማለት ሆቴሉ ዘንድ ከሚያደርሰው ጉዳት እጅግ የከፋ ነው። የኢሚግሬሽን መኮንኑ ደግሞ የፍርድ ቤቱን ማኅተም ያለበት ወረቀት አምጣ ይላል፤ መዝገቡ ከተፋቀ በኋላ ግን መዝገብ ቤቱ የሚሰጥዎ ወረቀት አይኖረውም። በዚህ ምክንያት ስንቱ ሰው የነጻበትን ጉዳይ ማስረጃ አጥቶ ተቸግሯል። ስለዚህ በመጀመሪያ ወደ ፍርድ ቤቱ ሄደው የክሱን፣ የውሳኔውንና ፕሮቤሽኑ በሰላም የተዘጋበትን ወረቀት ማኅተም ያለበት ሦስት ሦስት ቅጂ ያስወጡ፤ አንዱን ከቤትዎ ውጭ የሚያምኑት ሰው ጋር ያስቀምጡ፤ ማስፋቁ ከዚያ በኋላ ይከተል።

ስርቆት በኢሚግሬሽን ሕግ ለብቻው የሚታይ ዓይነት ወንጀል ስለሆነ፣ ግሪን ካርድዎን ከማደስዎ፣ ለዜግነት ከማመልከትዎና ወላጆችዎን ለመጠየቅ ከአገር ከመውጣትዎ በፊት እነዚህን ወረቀቶች ይዘው የወንጀልንና የኢሚግሬሽንን ሕግ አጣምሮ የሚያውቅ ጠበቃ ያማክሩ። ፎርም የሚሞላልዎ ሰፈር ያለ ጸሐፊ ለዚህ አይበቃም። የሆቴሉ ሥራ ቢሳካልዎ እንኳ፣ ጠበቃው የውሳኔውን ወረቀት አንብቦ መልስ እስኪሰጥዎ ድረስ የአዲስ አበባ ትኬት አይቁረጡ።